ቤዛ እንዳትራመድ የጠበቅኋት ሰባት ቀን

እናንተዬ፣ ልጁ እንዳትራመድ ጠዋት ማታ የሚደክም አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሰቆጣ ኑና እኔን እዩኝ። ሌላው ወላጅ “ወፌ ቆመች!” እያለ ለልጁ ሲያጨበጭብ፣ እኔ ልጄ ብድግ ባለች ቁጥር እየሮጥኩ ሳስቀምጣት ሰነበትኩ። ሰው የሚያብደው ባንዴ አይመስለኝም። ቀስ እያለ፣ ለእያንዳንዷ ነገር በቂ ምክንያት እየያዘ ነው የሚያብደው። ምክንያቴን ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን ያቆምኩት ሐጂ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። እሳቸው ስኳር፣ ሳሙናና የእጅ ባትሪ ይሸጣሉ፤ እኔ የተቀደደ እሰፋለሁ። ባለፉት ዓመታት በእኛ አገር ያልተቀደደ ነገር ስለሌለ ሥራ አላጣሁም። የጠፋው አዲስ የሚያሰፋ ሰው ነው። ባለቤቴ ዝናሽ ደግሞ ደሃና ወረዳ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ከአምደወርቅ ተነስቶ አራት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው የተመደበችው። ቤት ለቤት እየዞረች የሰው ልጅ ትለካለች፣ ታስከትባለች፣ እናቶችን ትመክራለች። የራሷን ልጅ የምታየው ግን በወር አንዴ ነው።

እንዲህ እንዲሆን የፈለገ የለም። የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ቤዛን አዝላት ነበር የሄደችው። ደጋው ብርድ ነው፣ የተከራየችው ቤት ጣሪያ ያፈሳል፣ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሳንባዋን ታመመች። በሁለተኛው ጊዜ ዝናሽ ራሷ አምጥታ ሰጠችኝ። “ሌላውን እናት ‘ልጅሽን ብርድ እንዳይመታት’ እያልኩ የራሴን በብርድ ልገድላት ነው” ብላ አለቀሰች። ቤዛ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። ሥራውን ልቀቂ እንዳልላት፣ በዚያ ቀበሌ ከእሷ በቀር መርፌ የሚወጋ ሰው የለም፤ እሷም ልቀቂ የሚላትን ሰው በክፉ ዓይን ታያለች። ስለዚህ እኔ ከአንዲት ሕፃንና ከአንድ የስፌት መኪና ጋር ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ነገር ሁሉ በስልክ ሆነ። ዝናሽ ኔትወርክ የምታገኘው ከቀበሌው በላይ ያለ ጉብታ ላይ ወጥታ ነው። የመጀመሪያዋን ጥርስ ስነግራት “የላይ ነው የታች?” አለችኝ።

“የታች።”

“ነጭ ነው?”

ጥርስ ነጭ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ግን የምትጠይቀው ጠፍቷት እንደሆነ ገባኝ። “በጣም ነጭ ነው” አልኳት።

ቀጥሎ “እማ” የሚለው ቃል መጣ። የመጀመሪያውን ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ቤዛ “እማ” ያለችው ለአከራያችን ለእማማ ከበቡሽ ነው፤ ሥራ ሲበዛብኝ የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸውና። እኔ ግን በስልክ “ዛሬ እማ አለች!” ብዬ ለማን እንዳለች ዘለልኩት። ዝናሽ ጉብታው ላይ ሆና እልል አለች። በወሩ መጨረሻ ስትመጣ ቤዛ በእሷ ክንድ ላይ ሆና ሁለት እጇን ወደ እማማ ከበቡሽ ዘረጋችና “እማ! እማ!” እያለች አነባች። ዝናሽ ልጅቷን ለአሮጊቷ አቀበለችና ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ባልዲው ሙሉ ነበር።

ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። “ጥርሷ አመለጠኝ” አለችኝ። “አፏን ስትፈታም አመለጠኝ። ስትራመድ ግን የማያት እኔ ነኝ። አደራ! እሱም ካመለጠኝ እኔ ለዚች ልጅ ምኗም አይደለሁም።”

ጤነኛ ባል ቢሆን “የልጅ እግር በምን ይያዛል?” ይል ነበር። እኔ እሺ አልኩ።

ነገሩ የደረሰው አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። የአንድ ቄስ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ዐሥራ አራት ወር የሞላት ቤዛ የመኪናዬን እግር ይዛ ቆማለች። ድንገት ለቀቀችው። ሐጂ በር ላይ ያለውን የስኳር ጆንያ እያየች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ሄደችና ጆንያውን አቀፈችው።

“አላሁ አክበር! ወፌ ቆመች!” አሉ ሐጂ ሰይድ ሚዛናቸውን ለቀው።

ደስ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያ ደስታ ግን ቢቆይ አንድ ደቂቃ ነው። ዝናሽ ትዝ አለችኝ። የምትመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ገና ዘጠኝ ቀን። ዘልዬ ልጅቷን አነሳኋትና “ሐጂ፣ ይህን ነገር አላዩም!” አልኳቸው።

“ምኑን ነው የማላየው? እዚህ ዓይኔ ሥር?”

ከጥርሱ ጀምሬ አስረዳኋቸው። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። “እኔ መካ ደርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አልዋሽም” አሉ። “ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም። ደግሞ ከእንግዲህ እንዳላይ ፊቴን አዞራለሁ። አብሽር።” ከዚያ ወዲያ ቤዛ ብድግ ባለች ቁጥር ሐጂ ፊታቸውን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ ያዞራሉ። ስኳር የሚጠይቃቸውን ደንበኛ ሁሉ በጀርባቸው ነበር የሚያናግሩት።

እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ አራት እርምጃ መራመድ አይባልም፤ ድንገት ያመለጠ ነገር ነው። ዘጠኝ ቀን እግሯ መሬት ካልነካ ትረሳዋለች፤ ቅዳሜ እናቷ ፊት እንደ አዲስ ትጀምረዋለች። የልጅ እግር የተማረውን የሚረሳ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቼ የዝናሽን አንቀልባ ከተሰቀለበት አወረድኩ። ቆዳው ደርቋል፣ ዛጎሎቹ ግማሹ ረግፈዋል። ሰቆጣ ላይ ወንድ በአንቀልባ አዝሎ አያውቅም አልልም፤ እኔ ግን አላየሁም። ሌላውም ሰው እንዳላየ ያወቅሁት በማግስቱ ዓርብ በረንዳዬ ድረስ ስሄድ ነው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንዷ ደንበኛዬ “እንኳን ማርያም ማረችህ” አለችኝ፤ ለወላድ የሚባለውን። አሜን ብዬ አለፍኩ።

አዝሎ መስፋት እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መኪናውን በእግሬ ስመታ ቤዛ ከኋላ በሁለት እግሯ ወገቤን ትመታለች፤ መራመድ የጀመረ እግር ሥራ አይፈታም። በዚያ ላይ ፀጉሬን እንደ ልጓም ይዛ ትስበኛለች። ቅዳሜ ቄሱ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጥተው እዚያው ለኩት፤ ቀኝ እጃቸው አልወጣ አለ። እጅጌውን ከወገቡ ጋር አብሬ ሰፍቼው ኖሯል።

“ልጄ” አሉ ቄሱ፣ እጃቸው ውስጥ እንደተቀረቀረ፣ “ይህ የእኔ ነው ወይስ የሌላ ሰው?”

“የእርስዎ ነው አባቴ፤ ትንሽ ይቀረዋል።”

ቄሱ ጀርባዬ ላይ ያለችውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የሚባርኩበት እጃቸው ስለተያዘ በሌላው ባረኩኝና ሄዱ።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንቀልባው ሲፈታ ጉድ ነው። እሑድ ቤቱን ዘግቼ መዳህን ላስታውሳት ሞከርኩ። በእጄና በጉልበቴ ወለሉ ላይ ሆኜ “እይ ቤዛ፣ እንዲህ ይሻላል፣ እንዲህ ይፈጥናል” እያልኩ ከግድግዳ ግድግዳ ስድህ በሩ ተከፈተ። እማማ ከበቡሽ ቆመዋል።

“ምነዋ ልጄ! ምን ወደቀብህ?”

“እያጫወትኳት ነው፣ እማማ።”

ለእሳቸው ምስጢሩን ያልነገርኩበት ምክንያት አለኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ግን የሰሙትን ነገር በአማርኛም በኽምጣኛም ለየብቻ ካልተናገሩት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ወደ ቤዛ ጠጋ አሉ። ልጅቷ እኔ ስድህ እያየች ቁጭ ብላ ትስቃለች።

“ይች ልጅ ስንት ወሯ ሆነ?”

“ዐሥራ አራት።”

“አትሄድም እንዴ?”

“ገና ናት” አልኩ። ይህችው ናት የተናገርኳት።

እማማ ከበቡሽ ቁና ቁና እየተነፈሱ ተቀመጡና የቤዛን ጉልበት ጨበጥ ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ ለራሳቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ኽምጣኛ አጥርቼ ባልናገርም እሰማለሁ፤ “ሳትቆም ልትቀር ነው” ነው ያሉት። “ኧረ እማማ፣ ምንም አልሆነችም” ብል፣ “አባት አይገባውም፤ አንተ ዝም በል” አሉኝ።  

ሰኞ ማለዳ ቅቤ ይዘው መጡ። ቤዛን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ከዳሌዋ እስከ ጣቷ አሿት። በቅቤ የታሸች ልጅ ደግሞ አትያዝም፤ ሁለት ጊዜ ከእጃቸው ሾልካ ተነሳችና ሁለት ጊዜ እማማ ዞር ባሉበት መልሼ አስቀመጥኳት። “አየህ፣ ሞክራ ነው የወደቀች” እያሉ እንባቸውን ጠረጉ። ማክሰኞ ጠበል ወሰድናት። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ቤዛ ጮኸች፤ እኔም ውስጤ ጮኸ። በዚያው እማማ ከበቡሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ “ማርያም፣ ይችን ልጅ በእግሯ አቁሚልኝ፤ ጥላ አስገባለሁ” ብለው ተሳሉ።  እኔም አጠገባቸው ቆሜ በጤነኛ ልጅ ለማርያም ስለት ሲሳሉ ዝም ብዬ አየሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ዝናሽ ናት። እየሮጠች ጉብታውን እንደወጣች ከትንፋሿ ያስታውቃል። “ትኩሳት ነበራት?” አለችኝ።

“ማን?”

“ሁለቱም እግሯ ነው ወይስ አንዱ?”

“ዝናሽ፣ ማን ምን አለሽ?”

“ከአምደወርቅ ገበያ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያወራል። ‘የአንቺ ልጅ ሽባ ሆና አባቷ አዝሏት ይዞራል፣ ጠበልም ወስዷታል’ አሉኝ። እኔ ለስንት ሰው ልጅ የፖሊዮ ጠብታ ስሰጥ የኖርኩ…”

ሥራዋን ታውቃላችሁ አይደል? የልጅ እግር በድንገት ሲዝል በዚያው ቀን ሪፖርት ማድረግ ግዴታዋ ነው። የምታስበውን ክፉ በሽታ እኔም አውቀዋለሁ። ያኔ “ተራምዳለች” ብላት ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። ግን ስድስት ቀን የደከምኩበት ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል። “ደህና ናት፣ አትጨነቂ፤ ስትመጪ ታያለሽ” አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። በእኛ አገር “ደህና ነው፣ ስትመጪ ታያለሽ” የሚባለው ሰው ሲሞት ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ከአይሱዙ እህል ጭነት ላይ አንዲት ሴት ወረደች። ፊቷ አቧራ ብቻ ነው፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ገና ሳይነጋ ተነስታ የመጣችው ዝናሽ ናት። ሳትስመኝ ከጀርባዬ አንቀልባውን ፈታች። ቤዛን የሐጂ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ተረከዟን በጣቷ ኮረኮረች።  ቤዛ እንደ እንግዳ ሰው ታያታለች። እማማ ከበቡሽም ወሬ ሰምተው ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ።

“እስኪ አቁማት” አለችኝ ዝናሽ። ራሷ ወደኋላ ሄዳ ተንበረከከችና እጆቿን ዘረጋች። “ነይ የኔ እናት። ነይ ወደ እማ።”

ሰባት ቀን የጠበቅሁት ይህን ነበር። “ወፌ ቆመች!” አልኩ። ቤዛ እናቷን ትንሽ አየቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ረጋ ብላ በረንዳውን አቋርጣ ሄደች፣ በመንገዷ ላይ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ጎንበስ ብላ አነሳች፣ ዞረች፣ እኔ ጋ መጥታ ሱሪዬን እየጎተተች እዘለኝ አለች።

እማማ ከበቡሽ እልልታውን አቀለጡት። “ማርያም ሰማችኝ! ዛሬውኑ!” እያሉ ለጎረቤት ሊያበስሩ ሄዱ።

ዝናሽ አሁንም እጇ እንደተዘረጋ ነው። “ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም” አለች። “የመጀመሪያ እርምጃ አውቃለሁ፤ በየሰው ቤት አይቻለሁ። ይች ልጅ ጎንበስ ብላ ቁልፍ አነሳች።” ከዚያ ወደ ሱቁ ዞረች። “ሐጂ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። መቼ ነው የተራመደችው?”

ሐጂ ሰይድ ፊታቸው ሳሙናው ላይ ነበር። ተጠየቁ፤ አለቀ። “ባለፈው ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ፣ አራት እርምጃ፣ ከመኪናው እስከዚህ ጆንያ” አሉ ባንድ ትንፋሽ። ሳምንቱን ሙሉ የያዙት ነገር ወጥቶላቸው ቀለል አላቸው።

“ሰባት ቀን አስረሃት?” አለችኝ ዝናሽ።

“አደራ ስላልሽኝ…”

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “ተራመደች ብትለኝ አለቅስ ነበር” አለች። “ጉብታው ላይ ቁጭ ብዬ፣ አልቅሼ፣ ወጥቶልኝ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። አሁን ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ተሸክሜ እንደማሳድጋት ሳስብ ነው ያደርኩት። ስትመጪ ታያለሽ ስትለኝ ደግሞ ቀብሬያት ነው የመጣሁት።”

አፈርኩ።  እማማ ከበቡሽ ብቻ ደስ እንዳላቸው ቀሩ፤ ነገሩን ሊነግራቸው የደፈረ የለም። ጥላውንም ስፋልኝ ያሉት እኔን ነው።

ዓርብና ቅዳሜ ዝናሽ ከቤት አልወጣችም። ልጆች የምትለካበትን ባለ ቀለም ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ የቤዛን ክንድ ለካች። “አረንጓዴ ላይ ናት፣ አልከሳችም” አለች፤ በዚያ ሳምንት ከአፏ የሰማሁት ደስ የሚል ቃል ይህ ብቻ ነው። ቤዛ ሜትሯን ወደደቻት፣ ነጠቀቻት፣ ቅዳሜ ማታ ላይ በዝናሽ እቅፍም ቁጭ ማለት ጀመረች። መሬት ስትወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝናሽ ከወዲያ ማዶ ተቀምጣ ሜትሯን እያወዛወዘች ትጠራታለች። ቤዛ ታያለች፣ ትስቃለች፣ ተነስታ ወደ እኔ ትመጣለች። አንቀልባውን ሸሸግሁት፤ ለውጥ የለም። ውጭ ወጥቼ ቆምኩ፤ ተከትላኝ ወጣች።

እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘናት። ሳታስፈቅድ ስለመጣች መዋል አትችልም። ልጅ እንዳታለቅስ ሳይሰናበቱ መሄድ የእኛ ልማድ ነው፤ እኔ ቤዛን በሌላ ወገን ሳጫውት ዝናሽ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደፊት አዙራ ተቀመጠች። ቦርሳዋ እኔ ጋ ቀርቶ ኖሮ፣ ለረዳቱ ላቀብል ብዬ ቤዛን አወረድኳት። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቤዛ ሜትሯን በእጇ እንደያዘች፣ በአቧራው ውስጥ፣ ከኋላው ሄደች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ ቆማ “እማ” አለች። ዝናሽ አላየችም።

ልደብቅ? እንኳን ልደብቅ፣ መኪናው ከዓይኔ ሳይጠፋ ደወልኩ።

“ዝናሽ፣ ተከትላሽ ነበር። ሰባት እርምጃ።”

“ወደቀች?”

“አልወደቀችም። መኪናው ሲርቅ ነው የቆመችው። እማ ብላ ጠራችሽ።”

 ቀስ ብላ፣ “እውነትህን ነው?” አለችኝ።

ምስክር ፍለጋ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ሐጂ ሰይድ በዚያ ሰዓት ሱቃቸው ነበሩ። “እውነቴን ነው” አልኩ፤ ለራሴ ጆሮ እንኳን ውሸት መስሎ ተሰማኝ።

“እሺ” አለች። እሺ ብቻ። ስልኩን ግን ኔትወርኩ እስኪቋረጥ ድረስ አልዘጋችም።

ቤዛን ላዝላት ጎንበስ ስል እምቢ አለችኝ። እጇን ይዤ በእግሯ ወሰድኳት። ዐሥር ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ በየሦስት እርምጃው ቆማ ወደኋላ ታይ ነበር።